የምንጃሩን ቀጥቃጭ ፍለጋ፦ ከአዳማ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6

የሚፈለገው ሰው በእናት ወገን ቅድመ አያት ነው። ምንጃር ተወልዶ እዚያው ሞተ፤ የመጨረሻ ልጁ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወደ ናዝሬት፣ ወደ ዛሬዋ አዳማ፣ ወርዶ ቀረ። በቤተሰቡ የዘር ሐረግ ወረቀት ላይ ስለ እሱ የተጻፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ገበሬ»፣ «በኅዳር በሽታ ሞተ»። ሁለቱም ያጠራጥራሉ። ገበሬ ብቻ ከነበረ ጉጠትና መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበት) ከቤቱ ምን ያደርጋሉ?

ስሙ እዚህ አይጻፍም፤ «ባለእጁ» ይበቃል።

የሞት ምስክር ወረቀት ለመፈለግ ማንም አይድከም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ቢደነግግም መዝገቡ ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የሞተ ሰው የሚገኘው በዳዊት መጽሐፍ ኅዳግ፣ በግብር ደረሰኝ፣ በተዝካር ትዝታና በሠራው ሥራ ነው።

ጥቅምት 9

ፍራንኮ አካባቢ ካለው ቤት አንድ የእንጨት ሣጥን ተከፈተ። የወጣው፦ አንድ የጡረታ ደብተር፣ 7 የግብር ደረሰኝ፣ አንድ የብራና ዳዊት፣ አንድ የሣር ቁና፣ በጨርቅ የተጠቀለለ 3 ብረት።

አያያዙ፦ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ምንም አይጻፍም። እያንዳንዱ ለብቻው በፖስታ ይገባና ቁጥሩ በእርሳስ ፖስታው ላይ ይጻፋል። ፎቶው በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጎ ይነሳል፤ ከወረቀቱ ጎን ማስመሪያ ይቀመጣል። ላሚኔት ማስደረግ ፈጽሞ አይገባም። በሙቀት የተጣበቀው ፕላስቲክ አይመለስም፣ ውስጡ የቀረው እርጥበትም ወረቀቱን እየበላው ይሄዳል። ከሰባቱ ደረሰኞች ሁለቱ ቀድሞ ላሚኔት ተደርገው ስለነበር ማኅተማቸው ወደ ቡናማነት ተቀይሮ አይነበብም።

የጡረታ ደብተሩ የባለእጁ የመጨረሻ ልጅ፣ የአያት ማለት ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ በጥገና ክፍል የተቀጠረ ሰው ነው። የትውልድ ዘመን፦ 1918 ዓ.ም.። የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ደግሞ የ1911 ዓ.ም. ነው። አባት በ1911 ሞቶ ልጅ በ1918 ሊወለድ አይችልም። ሰው ለቅጥር ሲል ዕድሜውን ሁለት ሦስት ዓመት ዝቅ ወይም ከፍ ማድረጉ የተለመደ ነው፤ ሰባት ዓመት ግን ይበዛል። የወረቀቱ ሁለተኛ ቃል በዚሁ ወደቀ።

ጥቅምት 11

ደረሰኞቹ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ተመድቦ በጋሻ ይገበርበታል። የእኛዎቹ «ጠፍ» ይላሉ፤ ስሙም የባለእጁ ነው። መጀመሪያ ሲታይ «እስከዚያ በሕይወት ነበር» ያሰኛል። ስሕተት ነው። ወራሾች በሟች ስም፣ አንዳንዴም መሬቱን ባቀናው አባት ስም፣ ለብዙ ዓመት ይገብሩ ነበር። ደረሰኝ የመሬቱን ስም እንጂ የሰውየውን እስትንፋስ አይመሰክርም። ሰባቱም ለዚህ ሥራ የሚጠቅሙት ለመንደሩ ስም ብቻ ነው።

ጥቅምት 12

ዳዊቱ። የመጨረሻው ቅጠል ኅዳግ ላይ፣ ከጽሑፉ በተለየ ወፍራም እጅ፣ የክርስትና ስሙ አለ፤ ቀጥሎ «በዘመነ ማርቆስ አረፈ»። ዓመቱ የነበረበትን ጥግ አይጥ በልቶታል።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ያሳስታል። አንደኛ፣ ካህን የሚጽፈው በክርስትና ስም ነው። በመንደር ስሙ ብቻ የሚፈልግ ሰው ገጹን ዓይኑ እያየ ያልፈዋል፤ የክርስትና ስም ሳይያዝ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ባዶ እጅ ያስመልሳል። ሁለተኛ፣ ሆሄው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ። የእሱ ስም ሁለት ተለዋዋጭ ፊደል ስላለው በስድስት ዓይነት ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ስድስቱም በአንድ ወረቀት ተጽፈው ከፍለጋው ጋር ይዞራሉ።

ጥቅምት 23

ስለ «ገበሬ»። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ በኖረበት አገር ልጆቹ ሙያውን ቢደብቁ አይፈረድባቸውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ስድቡ ስለከፋ ነው። አዋጁ ወጣ፤ አፍ ግን አልተዘጋም። ስለዚህ «አባትዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ «ገበሬ» የሚል መልስ ይዞ መመለስ ነው።

የሚሠራው ጥያቄ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ዕቃው ነው። ከምንጃር መጥተው አዳማ ልጃቸው ዘንድ ካሉ እናት ጋር የተደረገው እንዲህ ነበር፦

— እማማ፣ ያኔ ማጭድ ሲዶለዱም የት ታስሉ ነበር?
— የት ይሳላል? እነሱ ቤት ነዋ! ማረሻም ማጭድም እዚያው ነው።
— ዋጋውስ?
— ምን ገንዘብ አለና። መኸር ሲገባ ቁናውን ይዞ አውድማ ላይ ይቆማል። ለአንድ ጥማድ ሁለት ቁና።

ስለ ሰውየው አንዴም አልተጠየቁም፤ ሁሉንም ግን ተናገሩ። ሌሎች የሠሩ ጥያቄዎች፦ ወናፉን ማን ይነፋ ነበር? ከሰሉ ከየት ይመጣ ነበር? የልጁን ሚስት ከየት አመጡለት? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ይከፍታል። ቀጥቃጮች በብዛት የሚጋቡት እርስ በርሳቸው ነበር፤ ሰባት ቤት መቁጠሩ ሲጨመርበት ሙሽራዋ ከሩቅ መንደር ትመጣለች። የሙሽሮቹ መንደሮች ሲደረደሩ የሌሎቹን ቀጥቃጮች ቤት ያመለክታሉ። ከአንድ እናት አፍ 4 መንደር ተገኘ። በኦሮምኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ቀጥቃጭ «ቱምቱ» ስለሚባል በሁለቱም ቋንቋ መጠየቅ ግድ ነው።

ጥቅምት 25

ቁናው ተመዘነ። ጤፍ ሞልቶ፣ በእጅ ተድጦ፣ በኩሽና ሚዛን 4 ኪሎ ከ600 ግራም። ቁና ከአገር አገር ስለሚለያይ ከመጽሐፍ የተወሰደ ቁጥር አይረባም፤ የራሱ የቤቱ ቁና ሲገኝ ግን ወርቅ ነው። ሁለት ቁና 9.2 ኪሎ። እማማ ደንበኞቹን አርባ ጥማድ ገደማ ይሏቸዋል፦ 368 ኪሎ በዓመት፣ በቀን አንድ ኪሎ ማለት ነው። ስድስት ነፍስ በዚህ አያድርም። ማረስ ነበረበት። «ገበሬ» ሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ግማሹ የተቆረጠ እውነት ነው።

ኅዳር 2

ዕድሜ። «ስንት ዓመቱ ነበር?» የሚል ጥያቄ «እንጃ» ይወልዳል። ዓመቱ የሚያዘው ሁሉም በሚያውቀው ነገር ነው። የተጠቀምንባቸው፦ ክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884)፣ አድዋ (የካቲት 23፣ 1888)፣ ሰገሌ (ጥቅምት 17፣ 1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ የኃይለ ሥላሴ ንግሥ (ጥቅምት 23፣ 1923)፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት (ሚያዝያ 27፣ 1928) እና ንጉሡ የተመለሱበት (ሚያዝያ 27፣ 1933)። ለሰሜን ሸዋ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ሰገሌ ነው፤ ጦርነቱ በደጁ ስለሆነ ከአድዋ ይልቅ በቤት ወሬ ይታወሳል።

ውጤት፦ ከክፉ ቀን ማብቂያ በኋላ፣ ከአድዋ በፊት ተወለደ (ከ1884 እስከ 1888)። በሰገሌ ጊዜ ሚስትና አንድ ልጅ ነበረው፤ ከ21 እስከ 25 ዓመት ስለሚሆን ይገጥማል።

ኅዳር 5

ለሁለት ሰዎች ለየብቻ የቀረበ ጥያቄ፦ ሲሞት ምን ጊዜ ነበር? እማማ፦ ተዝካሩ የቅበላ እሑድ ነበር፤ የተረፈው ሥጋ ጾም ገብቶበት ለውሻ ተጣለ። አንድ ሌላ አባት፣ አዳማ ሳይሆን ሞጆ የሚኖሩ፦ ሬሳው ቤት ሳለ ታቦት ወጥቶ ነበር፤ ለቅሶውና እልልታው ተደባለቀ። እርስ በርስ አልተገናኙም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሰው አይፈጥረውም፤ በተለይ የሥጋው።

ኅዳር 8 እና 9 — ቀን ማውጣት

የሥራው እምብርት ይህ ስለሆነ ረዘም ይላል።

በእጅ ያለው፦ ዘመነ ማርቆስ፣ ተዝካር በቅበላ፣ ሞት በጥምቀት ሰሞን።

የዓመቱ ወንጌላዊ እንዲህ ይወጣል፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል። ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። በዚህ ስሌት 1911 ሉቃስ ይሆናል፤ የኅዳር በሽታ እዚህም ወደቀ። ልጁ ከተወለደበት 1918 በኋላ ያሉት ማርቆሶች 1922፣ 1926፣ 1930፣ 1934 ናቸው። እማማ በንግሡ ጊዜ በሕይወት ነበር ስለሚሉ 1922 ይወጣል። ሦስት ቀሩ።

ለ1930 ባሕረ ሐሳቡ (የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት)፦

5500 + 1930 = 7430። ለ19 ሲካፈል 391 ደርሶ 1 ይቀራል፤ መደብ 1። አንድ ሲቀነስ ወንበር 0። አበቅቴ 0፣ መጥቅዕ (የጾሙ ስሌት መነሻ ቁጥር) 30። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ መስከረም 30 ይውላል። ዕለቱን ለማግኘት 7430 ላይ የሩቡ ሙሉ ቁጥር 1857 ተደምሮ 9287፤ ለ7 ሲካፈል 5 ይቀራል፤ ቀሪ 0 ሰኞ ተብሎ ሲቆጠር መስከረም 1 ቅዳሜ ነው። መስከረም 30 ስለዚህ እሑድ። የእሑድ ተውሳክ (እንደ ዕለቱ የሚደመረው ቁጥር) 7። 30 + 7 = 37፣ ሠላሳው ሲገደፍ መባጃ ሐመር (ጾመ ነነዌ የሚገባበት ቀን) 7፤ ድምሩ 30ን ስላለፈ ወሩ ከጥር ወደ የካቲት ይሻገራል። ነነዌ የካቲት 7፣ ዐቢይ ጾም ከ14 ቀን በኋላ የካቲት 21 ሰኞ፣ ቅበላ እሑድ የካቲት 20። ፋሲካ ሚያዝያ 16።

በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ስሕተት ገብቶ ነበር፣ ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። ወንበር 0 ሲሆን መጥቅዕ 0 ተብሎ ተጻፈ፤ 30 ነው የሚባለው። ሲታረም ደግሞ ድምሩ 30ን ማለፉ ተረስቶ ነነዌ ጥር 7 ላይ ወደቀ። ነነዌ ከጥር 17 በፊት ከቶ አይውልም፤ ከዚያ በታች የመጣ ቁጥር የስሌቱ ስሕተት ነው።

አሁን ከየካቲት 20 ወደ ኋላ። አርባው የሞተበትን ዕለት ጨምሮ ከተቆጠረ ጥር 11 ረቡዕ፣ ጥምቀት። ከማግስቱ ከተቆጠረ ጥር 10፣ ከተራ። በሁለቱም ቀን ታቦት ከመንበሩ ውጭ ነው።

ይህ ብቻውን ደስ ያሰኛል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ የቀሩት ሁለቱ ዓመቶችም መሰላት አለባቸው። 1926፦ ነነዌ ጥር 21፣ ቅበላ የካቲት 4፤ አርባ ቀን ወደ ኋላ ታኅሣሥ 24 ወይም 25። 1934፦ ነነዌ ጥር 18፣ ቅበላ የካቲት 1፤ ወደ ኋላ ታኅሣሥ 21 ወይም 22። ሁለቱም ከጥምቀት ከሁለት ሳምንት በላይ ይርቃሉ፣ በጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃሉ። ተዝካር ለድግሱ ሲባል ሁለት ሦስት ቀን ሊገፋ ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ግን አይገፋም።

ተመዘገበ፦ ሞት ጥር 10 ወይም 11፣ 1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ዘመን። ዕድሜ ከ42 እስከ 46።

ኅዳር 20

ጤፍ አጨዳ ስለሆነ መንደሩ ባዶ ነው። ጉዞው ለጥር ተላለፈ። በአጨዳ ሰዓት ገበሬ ደጅ መቅረጸ ድምፅ ይዞ መቆም ነውር ነው።

ታኅሣሥ 4

ሦስቱ ብረቶች አዳማ አንድ ጋራዥ ተወስደው ታዩ። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ አልተፋቀም፤ የመዶሻ ምልክቱን ይዞ ይሄዳል። በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ በስሱ የስፌት መኪና ዘይት ተቀባ።

ቁጥር 1፣ ጉጠት። ዝገቱ እንደ እንጨት ጭረት ተሰንጥቋል፤ ይህ የድሮ ለስላሳ ብረት ምልክት ነው፣ ሲሠራ ዝቃጩ ውስጡ እየተሳበ ስለሚቀር። ቁጥር 2፣ ማጭድ። ቁጥር 3፣ ያላለቀ ማረሻ፤ ጠፍጣፋ፣ ስፋቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል፣ መሐሉ ላይ የተበሳ ክብ ቀዳዳ ያለው። ጋራዡ ውስጥ ያለ ሁሉ ባንድ አፍ «ባሌስትራ!» አለ። የመኪና ባሌስትራ መሐል የሚገባው ብሎን ቀዳዳ ነው።

ለማጣራት የማረሻው የማይታይ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ግራይንደር ነካው። ፍንጣሪው አጭርና እንደ አበባ የፈነዳ ከሆነ ካርቦን ያለው ስቲል ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ብዙም የማይፈነዳ ከሆነ ለስላሳ ብረት። ማረሻው ፈነዳ። ስለዚህ መኪና ወደዚያ ገጠር ከደረሰ በኋላ የተጀመረ ሥራ ነው፤ በ1911 ከሞተ ሰው እጅ አይወጣም። ጉጠቱ አልተነካም፤ ግራይንደር የሚበላው አይመለስም።

ጥር 17 — ምንጃር

በሞጆ፣ በእጀሬ ወደ አረርቲ። የድሮው ቤት የለም፤ ቦታው ማሳ ሆኗል። የመሬቱ ባለቤት ፈቅደዋል። አልተቆፈረም፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ 209/1992፣ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ከላይ ሁለት ጣት ጥልቀት ብቻ በማንኪያ ተጠርጎ ተወሰደ።

12 በ12 ሜትር ቦታ በገመድ በ2 ሜትር ተከፋፍሎ 36 ናሙና፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሊትር፣ በፕላስቲክ ከረጢት። ከ60 ሜትር ርቀት ደግሞ 3 ማነጻጸሪያ ናሙና፤ ያለ እነሱ ሥራው ዋጋ የለውም፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይታያል።

አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ እጅ በሚያስገባ ስፋት ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለው ደቃቅ ሁሉ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ጥልቀት ዘመን አይናገርም። የሚናገረው ብዛትና ቦታ ብቻ ነው።

ጥር 20

አዳማ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ። ብረት ሲቀጠቀጥ ከላዩ የሚረግፍ ቅርፊት አለ፤ ቀጥቃጩ የሠራበት ቦታ ላይ ለዘመናት ይቀራል። በማግኔት ይለቀማል። ማግኔቱ ከሬዲዮ ጠጋኝ የተገዛ የአሮጌ ስፒከር ነው። በስስ ፌስታል ተጠቅልሎ አፈሩ ላይ ይዞራል፤ ፌስታሉ ሲገለበጥ የያዘው ነጭ ወረቀት ላይ ይራገፋል። ፌስታል ከሌለ ማግኔቱ ላይ የተጣበቀው አይላቀቅም።

ችግሩ፦ አካባቢው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። አፈሩ ራሱ ማግኔት የሚስበው ጥቁር አሸዋ አለው። ከሦስቱ ማነጻጸሪያዎች እያንዳንዳቸው ከሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ወጣ። ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ ምንጃር በሙሉ ብረት ቤት ሆኖ ይገኝ ነበር።

ልዩነቱ በአጉሊ መነጽር ይታያል። የተፈጥሮው ፍሬ ድብልብልና ጠርዘኛ ነው። የመዶሻው ቅርፊት እንደ ዓሣ ቅርፊት ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ሰማያዊ ግራጫ፤ በመርፌ ሲጫኑት ይሰበራል። በመሐሉ አልፎ አልፎ ከጤፍ የምታንስ ፍጹም ክብ ኳስ ትገኛለች፤ ሁለት ብረት በእሳት ሲበየድ ተረጭታ አየር ላይ የረጋች ናት።

ከ36ቱ በ31 ውስጥ ቅርፊት የለም ወይም አንድ ሁለት ብቻ። በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ባሉ 5 ናሙናዎች ግን በእያንዳንዱ ከ40 በላይ፣ ኳሶቹም እዚያው ብቻ። መስፉ የነበረበት 4 ሜትር በማይሞላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ከዚያው ጥግ ሁለት ቁራጭ ተለቅሟል። አንዱ የወናፍ አፍ የሚገባበት የሸክላ ቧንቧ ስባሪ፣ ጫፉ እንደ ጠርሙስ ቀልጦ የሚያብረቀርቅ። ሌላው 310 ግራም የሚመዝን ዝቃጭ፣ ታቹ እንደ ሳህን የጎበጠ፣ ላዩ ጠፍጣፋ፣ የከሰል አሻራ ያለበት። ቀዳዳ ከበዛበት የአዳማ ጥቁር ድንጋይ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የከሰሉ አሻራና ክብደቱ ይለየዋል።

ጥር 26

የሞቱ ምክንያት። የሞጆው አባት የነገሩን፦ ማጭድ ሲስል መዳፉን ተቆረጠ፤ ቁስሉ ደረቀ ሲባል አፉ አልከፈት አለ፣ ጀርባው እንደ ደጋን ተለጠጠ፣ በር ሲንኳኳ ይንዘፈዘፍ ነበር። መንደሩ «ዓይን ነው» አለ። ሰው ሁሉ ቡዳ የሚለውን ሰው ቡዳ በላው መባሉ የሚገርም ነው።

ምልክቶቹ መንጋጋ ቆልፍን ይመስላሉ። ከቁስል እስከ ምልክት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ይወስዳል፤ ቁስሉ ደርቆ መታየቱ፣ በድምፅ መንዘፍዘፉም ይስማማል። የኅዳር በሽታ በሳንባ የሚገድል ነው፤ መንጋጋ አይቆልፍም። በመዝገቡ ላይ «መንጋጋ ቆልፍ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ በእርሳስ ተጻፈ። ከአፍ የተሰማ ምልክት እንደ ሐኪም ቃል በቀለም አይጻፍም።

«የኅዳር በሽታ» ከየት መጣ? እማማ እንዳሉት በዚያ በሽታ የሞተው የባለእጁ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም ቀጥቃጭ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ ሙያ፣ ሁለት ሞት፤ ልጆች ሲያወሩት አንድ ሆነ።

የካቲት 3

የዘር ሐረጉ ወረቀት በአዲስ ተጻፈ። ከስሙ ትይዩ፦ ቀጥቃጭና ገበሬ። ከ1884 እስከ 1888 ተወለደ፤ ጥር 10 ወይም 11፣ 1930 ዓ.ም. ሞተ። ታላቅ ወንድሙ በተለየ መስመር ገባ።

«ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል እንዲቀር የጠየቁ ሁለት ዘመዶች ነበሩ። ቃሉ አልተሰረዘም፤ 36ቱ ከረጢትና ማነጻጸሪያዎቹ ቁጥራቸው እንደተጻፈ ከዳዊቱ ጋር ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። የቀረው ከአራቱ የሙሽሮች መንደር ሁለቱን በማግኔት ማየት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናብ መረሬውን ሳያጨቀየው።